ከሐረር እስከ ኢንዱስ፤ የማኅተም ነገር

ባለፈው ወር ለጉዳይ ወደ ሐረር ወርደን ነበር። ጉዳያችን ቀላል ነበር፤ አንድ ደብዳቤ ሰጥተን ሌላ ደብዳቤ ተቀብለን መውጣት። በመሥሪያ ቤቱ ያገኘናት ጸሐፊ ደብዳቤያችንን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው፤ ገልብጣም ጀርባውን አየችው። ከዚያም በትሕትና መልሳ ዘረጋችልን።

«ማኅተም የለውም» አለች።

ፊርማ አለው፤ ቀን አለው፤ ቍጥር አለው፤ የፈራሚው ስምና ማዕርግም በግልጽ ተጽፏል።

«እሱስ አለው፤ ማኅተም ግን የለውም።»

ክርክር አላበዛንም። ያገራችን ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ከተራ ወረቀት አይቈጠርም። ወደ አዲስ አበባ ደውለን ሌላ ደብዳቤ እስኪላክልን ድረስ ሁለት ቀን ሥራ ፈት ሆንን።

ሐረር ውስጥ ሥራ መፍታት ግን የሚያስቈጭ ነገር አይደለም። በሸዋ በር በኩል አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሳጠሩት ግንብ ውስጥ ገባን፤ በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ጩኸት እየሰማን አልፈን፣ ሁለት ሰው ጐን ለጐን በማያሳልፉት የጀጎል መተላለፊያዎች ስንዞር ዋልን። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን የነበረ፣ የዚያው የሐረር ተወላጅ፣ ወደ አያቱ ወንድም ቤት ወሰደን። ሽማግሌው ሐጂ ናቸው። ጫማችንን አውልቀን በቀይ አፈር በተቀባው ነደባ ላይ ተቀመጥን፤ ወተት የገባበት ሆጃም ቀረበልን። ጓደኛችን የደብዳቤውን ነገር ቢያጫውታቸው ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ማኅተም አጥታችሁ ነው ከእኔ ቤት የመጣችሁት? እንግዲያው ማኅተም ላሳያችሁ» ብለው ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

ወረቀቱ ከግንቡ ውጪ ያለ የአንድ አትክልት ቦታ ሽያጭ ውል ነው። ጽሑፉ ዐረብኛ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ነው። ከላይ ግን ከስሙኒ ጥቂት የሚሰፋ ክብ ጥቍር ማኅተም ልክ ትናንት እንደ ታተመ ሆኖ ይታያል። መደቡ ጥቍር፣ ፊደሉ ነጭ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ቀራጩ ፊደሉን ወደ ውስጥ ስለሚቈፍረው፣ ቀለሙ የተቈፈረውን ትቶ መደቡን ብቻ ይይዛል። ሐጂ ጣታቸውን ሳያስነኩ የአሚሩን ስም ከነአባቱ ስም አነበቡልን። ሐረር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1647 ጀምሮ፣ በመካከሉ ግብጾች ከቈዩባቸው ዐሥር ዓመታት በቀር፣ እስከ 1887 ድረስ፣ ማለትም የጨለንቆ ጦርነት እስከ ተደረገበት እስከ 1879 ዓ.ም.፣ በራሷ አሚሮች የምትገዛ ከተማ ነበረች። ማሐለቅ የሚባል የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ ነበር፤ የአሚሮቹም ቃል በማኅተም ይጸና ነበር።

«አባቴ ይህን ወረቀት ሲያሳየኝ ጽሑፉን ትቶ ማኅተሙን ነበር የሚያሳየኝ» አሉ ሐጂ። «ጽሑፍማ ማንም ይጽፋል ይል ነበር።»

ሆጃውን የቀዳችልን የልጅ ልጃቸው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማኅተሙን ማንበብ ትችይ እንደሆነ ብለን ጠየቅናት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራችልን፤ ከቁርኣን ትምህርት ታውቃቸዋለች። «ግን ሲገጣጠም ምን እንደሚል አላውቅም» አለችና ዐፈረች። ሐጂ ምንም አልተናገሩም። ወረቀቱን ግን ቶሎ አልጠቀለሉትም፤ ጥቂት ዝም ብለው አዩት።

እኛም በዚያች ሰዓት አንድ ሥዕል ትዝ አለን። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የነበረች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ባለ አራት ማዕዘን ድንጋይ ነች፤ በላይዋ አንድ እንስሳ ቆሟል፤ ከእንስሳው ራስ በላይ አምስት ወይም ስድስት ምልክቶች ተደርድረዋል። መምህራችን «ይህን ማንም ማንበብ አይችልም» ብለው ገጹን ሲያልፉት እኛም ለፈተና እንደማይመጣ ተረድተን ዐልፈነው ነበር። በሐጂ ቤት ነው ነገሩ የገባን።

ያች ድንጋይ የኢንዱስ ሸለቆ ማኅተም ናት። ዛሬ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ህንድ በሚባለው ምድር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ዓመት ገደማ፣ ሐራፓና ሞሄንጆ ዳሮ የሚባሉ ታላላቅ ከተሞች ነበሩ። (ሐራፓ ሲባል ሐረር ትዝ ያለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ እኛም ብሎናል። ነገር ግን የስም መምሰል ዝምድና አይደለም።) መንገዶቻቸው ቀጥ ያሉ፣ ቤቶቻቸው በተተኰሰ ጡብ የታነጹ፣ የቈሻሻ ውሃ መውረጃቸው ክዳን ያለው ነበር። ከከተሞቻቸው ፍርስራሽም ማኅተሞች በብዛት ወጥተዋል። ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች ማኅተሙን ጨምሮ ከ3,000 ይበልጣሉ።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። ድንጋዩ ጥፍር የሚጭረው ለስላሳ ድንጋይ ነው። ጐን ለጐኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ሆኖ በመጋዝ ይቈረጣል፤ ከጀርባው ጉብታ ይቀርለታል፤ ጉብታው ክር እንዲያሳልፍ ይበሳል፤ ባለቤቱ ይዞት እንዲዞር ነው። ከዚያ በመዳብ መቅረጫ ምስሉና ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይቈፈራል፤ ሲታተም ቀና እንዲሆን በግልባጭ ይጻፋል። በመጨረሻ ተቀብቶ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ለስላሳው ድንጋይ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ቀራጮቹ የጡንቻውን አወጣጥ፣ የአንገቱን ቆዳ እጥፋት እንኳ በዚያች ጠባብ ስፍራ አልዘነጉም። ዝኆን አለ፤ አውራሪስ አለ፤ ነብር አለ፤ ጐሽ አለ፤ ሻኛው የተቈለለ ኰርማም አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ ነው፤ በሬ የሚመስል፣ ቀንዱ አንድ ብቻ የሆነ።

ምን ይሠሩበት ነበር? መልሱን የሰጠው አንድ ቃጠሎ ነው። በዛሬዋ የህንድ ጉጃራት ክፍለ ሀገር ሎታል በምትባል የጥንት ከተማ ውስጥ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ሕንፃ ተቃጥሏል። እሳቱ ዕቃውን ቢያወድምም፣ በዕቃው ላይ ተለጥፈው የነበሩትን የጭቃ ማኅተሞች ጠብሶ አጠነከራቸው። በፊታቸው እንስሳውና ጽሑፉ ታትሟል፤ በጀርባቸው ደግሞ የገመድና የጨርቅ አሻራ አለ። ነጋዴው ጭነቱን በገመድ አስሮ፣ በቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ለጥፎ፣ በጭቃው ላይ ማኅተሙን ይጫን ነበር ማለት ነው። ጭቃው ሳይሰበር ጭነቱ አይፈታም። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመብራት ቈጣሪያችንን በሽቦና በእርሳስ የታሸገች ቍራጭ ትጠብቀዋለች፤ ግብር ያልከፈለ ሱቅ በር ላይም «ታሽጓል» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቷን ሕፃን ልጅ ሊቀድዳት ይችላል፤ ማንም ግን አይቀድዳትም።

የማኅተሞቹ የመታወቅ ታሪክ ደግሞ የሰውን ልጅ ቸልተኝነት ያሳያል። በ1850ዎቹ እንግሊዞች ከላሆር ወደ ሙልታን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ የሐራፓን ጥንታዊ ጡብ እየቈፈሩ ከሐዲዱ ሥር አነጠፉት። ባቡሩ በአራት ሺሕ ዓመት ከተማ ላይ ሄደ። ከዚያው ስፍራ የተገኘችውን አንዲት ማኅተም አሌክሳንደር ካኒንግሃም የሚባለው እንግሊዛዊ የቅርስ ተመልካች በ1875 በታተመው ዘገባው አወጣት፤ ነገር ግን በሬው ሻኛ ስለሌለውና ፊደሉም ከታወቁት የህንድ ፊደሎች ስላልገጠመው፣ ማኅተሙ ለህንድ ባዕድ ነው ብሎ ዘጋው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ህንዳውያኑ ዳያ ራም ሳህኒ በሐራፓ፣ ራካልዳስ ባነርጂ በሞሄንጆ ዳሮ ቈፍረው ተመሳሳይ ማኅተሞችን አወጡ። አለቃቸው ጆን ማርሻል በመስከረም 1917 ዓ.ም. ሥዕሎቹን በለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ላይ አወጣና የእነዚህን ሰዎች ዘመን የሚያውቅ ይንገረን ያህል ጠየቀ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ ሴይስ የሚባሉት ሊቅ እንዲህ ያሉ ማኅተሞች በሱሳ ቍፋሮ መገኘታቸውን ጻፉ። በባቢሎን አገር የእነዚያ ከተሞች ዘመን ይታወቅ ነበርና፣ የኢንዱስም ዘመን በዚያ ተለካ። ማኅተሞቹ በነጋዴ እጅ ባሕር ባይሻገሩ ኖሮ ዕድሜያቸውን የሚመሰክርላቸው ባልተገኘም ነበር።

ከዚያ በኋላ በዑር ከተማ ጭምር የኢንዱስ ማኅተሞች ወጥተዋል። የባቢሎን አገር ሰዎች መሉሐ ብለው የሚጠሩት የባሕር ማዶ አገር የኢንዱስ ምድር መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር ውስጥ ሹ ኢሊሹ የሚባል ሰው ማኅተም ይገኛል፤ ጽሑፉ ባለቤቱ የመሉሐ ቋንቋ አስተርጓሚ መሆኑን ይናገራል። ሹ ኢሊሹ ሐረር ገበያ ቢመጣ ሥራ የሚያጣ አይመስለንም። በዚያ አንድ ነጋዴ አንዲት ፌስታል ሎሚ ለመሸጥ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ሲቀያይር ሰምተናል።

ይህ ሁሉ ከሐረር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩን በግድ ለማገናኘት አንፈልግም፤ የኢንዱስ ማኅተም በሐረር አልተገኘም። ሆኖም ሁለቱን አገሮች የለየው ባሕር ያገናኛቸውም ባሕር ነው። በጊድር መጋላ ዙሪያ የሚታየው ሻኛ ያለው ከብት የዘሩ መነሻ በዚያው በኢንዱስ አካባቢ ነው፤ ከስምንት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ወደ ቤት የገባው እዚያ ነው፤ ወደ አፍሪካ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። በማኅተሙ ላይ የተቀረጸው ኰርማ እንግዲህ ለሐረርጌ በሬ የሩቅ ዘመድ ነው። ማሽላ ደግሞ በተቃራኒው ሄዷል፤ ከዱር ወደ እርሻ የገባው በኛው አቅራቢያ በምሥራቅ ሱዳን ነው፤ ወደ ህንድ የተሻገረው ከአራት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሬ ተቀብለን ማሽላ ሰጠን ብንል ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነት በጣም የራቀ አይደለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ሐርላ የሚባል መንደር አለ። ገበሬዎች በእርሻቸው ውስጥ የሚያገኙትን ግዙፍ ጥርብ ድንጋይ እያዩ፣ ይህን ያነሡት የጥንት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። በኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ በስፍራው ቈፈረ፤ ውጤቱም በ2009 ዓ.ም. በዓለም ተሰማ። ግዙፋኑ አልተገኙም፤ በመቃብር ያሉት እንደኛው ያሉ ሰዎች ናቸው። የተገኘው የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ፣ ከግብጽ የመጣ የነሐስና የብር ገንዘብ፣ ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ ዛጎልና የብርጭቆ ጨሌ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን የጌጥ መሥሪያ ቤቱ ነው። ዐረቦች ዐቂቅ የሚሉት ቀይ ድንጋይ በዚያ ይገኛል፤ ጌጥ ሠሪዎቹም በዚያን ጊዜ በህንድ አገር የታወቀ የአሠራር ጥበብ ይጠቀሙ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ተናግረዋል። ዐቂቅን መብሳትና ማለስለስ ደግሞ የኢንዱስ ከተሞች የታወቁበት ሙያ ነበር፤ እስከ ዛሬም በጉጃራት በካምባት ከተማ ይሠራበታል። የማኅተም ቀራጩ ጥበብ ሲጠፋ፣ የጐረቤቱ የጨሌ በሺው ጥበብ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቀረ።

በጀጎል ውስጥ ራሱ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ቤት አለ፤ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። ከፎቁ በር ላይ የህንዶች አማልክት ምስል በእንጨት ተቀርጾ ይታያል። በዚሁ ቤት ውስጥ ነው አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሰበሰቡት ቅርስ የሚገኘው። እኚህ ሰው ከየቤቱ ጥግና ከየገበያው በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን እየለቀሙ፣ የተቀደደውን እየጠገኑ፣ የሐረርንም የጥንት የጥራዝ ሙያ እያስነሡ የኖሩ ናቸው። ሙያው በሩቅ አገር የተመሰገነ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በብዙ ነገር ከተማይቱን ሲነቅፍ፣ የመጽሐፍ ጥራዟን ግን አድንቋል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ያ የኢንዱስ ጽሑፍ ለምን አይነበብም? ምልክቶቹ አራት መቶ ያህል ናቸው፤ ከዚያ የሚያበዟቸውም አሉ። ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ታውቋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ቦታ ሲያጥረው በስተግራ በኩል ምልክቶቹን ያጣብባቸዋል። ይህ ስሕተት ከአራት ሺሕ ዓመት በኋላ ለሊቃውንት ትልቅ ሲሳይ ሆነ። ነገር ግን ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ በአማካይ አምስት ምልክት ብቻ። ከታወቀ ቋንቋ ጋር ጐን ለጐን የተጻፈ አልተገኘም። ፊንላንዳዊው አስኮ ፓርፖላ ቋንቋው የደቡብ ህንዶች የድራቪድ ወገን ነው ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል፤ ሌሎች ደግሞ በ2004 ጨርሶ ጽሑፍ አይደለም ብለው ተነሡ። የታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር በጥር 2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ለሚያነበው ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን አሉ። ጽሑፉ ግን እስካሁን ዝም እንዳለ ነው። ዋናው ምክንያት ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ከተሞቹ ሲፈቱ ማኅተም መቅረጽ ቀረ፤ ፊደሉንም ለልጁ ያስተማረ አልተገኘም።

በኛ አገር በትግራይ በየሃ የተደረገው ነገር ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ከቈፈሩት መቃብር የነሐስ ማኅተሞች ወጥተዋል። በሬ፣ አንበሳና ፍየል መሰል እንስሳ ይታይባቸዋል፤ ከእንስሳው ጋርም ፊደል አለ። እንስሳና ጥቂት ፊደል፣ ልክ እንደ ኢንዱስ! ዕድሜያቸውም ከሁለት ሺሕ ዓመት ይዘላል። ነገር ግን ይነበባሉ፤ ፊደሉ የሳባ ፊደል ነውና የግዕዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ የኔታ ፊት ተቀምጦ ሀሁ የሚል ሕፃን ሳያውቀው የየሃን ማኅተም ቍልፍ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት የነገሥታቱ ማኅተሞች፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለ አንበሳው በአማርኛና በዐረብኛ የተጻፈው፣ የዐፄ ምኒልክም ሞዓ አንበሳ፣ ማንኛውም ተማሪ የሚያነባቸው ናቸው። የሐረር አሚሮች ማኅተምም ፊደሉ ሕያው ነው። ግን ፊደል ማወቅና ማንበብ ሁለት ነገር መሆኑን በሐጂ ቤት አይተናል። በየሣጥኑ ያለ የውል ወረቀት በአንድ ሽማግሌ ዓይን ብቻ የሚነበብ ከሆነ፣ በኢንዱስ ማኅተምና በእርሱ መካከል የቀረው ልዩነት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

ይህን ለሐጂ አልተናገርንም፤ ለመናገርም የሚገባን ሰዎች አይደለንም። የኢንዱስን ነገር ብቻ አጫወትናቸው። በጽሞና ሰሙንና፣ «ያን ሁሉ ጽፈው ለልጆቻቸው አላስተማሩም?» ሲሉ ጠየቁን። አላስተማሩም አልናቸው። «ሱብሐነላህ» አሉ።

ከዚያ ልጅቱን ጠሯትና ከጐናቸው አስቀመጧት። ወረቀቱን በጕልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በማኅተሙ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ጣታቸውን አንዣበቡ። እሷም ፊደሉን ጠራች። «እሱን ከሚቀጥለው ጋር አገናኚው» አሏት። አገናኘችው። ሦስተኛው ላይ ተሳሳተች፤ እንደገና ጀመሩ። ሆጃችንን እስክንጨርስ ድረስ የአሚሩን ስም ደርሳበት ነበር፤ ወደ አባቱ ስም ገና አልተሻገረችም።

ደብዳቤያችን በማግስቱ ደረሰ። ጸሐፊዋ ገለበጠችው፤ ማኅተሙን አየች፤ ጽሑፉን ሳታነበው ተቀበለችን።